ለትንሽ የጊታር ፔዳልቦርድ ኢኳላይዘር ፔዳል እንዴት ይመረጣል?

ኤሌክትሪክ ጊታር የሚማር ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ «ድምፁ አልጠራ አለኝ፣ ሌላ ጊታር ግዙልኝ» የሚል ጥያቄ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ለሌላ ጊታር ገንዘብ ከማውጣት በፊት ኢኳላይዘር ፔዳል የተባለውን ትንሽ የብረት ሣጥን ማወቁ ይጠቅማል። ይህ መሣሪያ በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚገባ፣ በእግር እየተረገጠ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል።

ክፍሎቹ የሚለኩት በኸርዝ ነው። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ፣ ቀጭኑ ክር 330 ኸርዝ ገደማ ነው። ድምፁን የሚያጠራውና የሚያሾለው ከዚያ በላይ፣ እስከ 5 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ መንሸራተቻው የበዛ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። ኤም ኤክስ አር ኤም 108 ኤስ አሥር መንሸራተቻ አለው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው 31 ኸርዝ ላይ ስለሆነ ለቤዝ ካልሆነ በቀር ለተራ ጊታር ፋይዳ የለውም። በዚያ ላይ 18 ቮልት ይፈልጋል። የዚሁ ድርጅት ታናሽ የሆነው ኤም 109 ኤስ ከ100 እስከ 3,200 ኸርዝ ስድስት መንሸራተቻ ብቻ አለው፤ ለጀማሪ ግን ከበቂ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የታወቀው ቦስ ጂ ኢ 7 ሰባት አለው፤ ወርዱ 7.3፣ ርዝመቱ 12.9 ሴንቲሜትር ነው። ከእነዚህም የሚያንሱ፣ ወርዳቸው 5 ሴንቲሜትር የማይሞላ ሚኒ ፔዳሎች አሉ። ቦታ ይቆጥባሉ፤ ብዙዎቹ ግን ባትሪ አይቀበሉም፣ መንሸራተቻዎቻቸውም ስለሚቀራረቡ ቦርሳ ውስጥ በቀላሉ ይዛባሉ።

ዋናው ጉዳይ የሽሽታ ድምፅ ነው። ኢኳላይዘር ዜማውን ከሽሽታው ለይቶ አያውቅም፤ ከፍ ያደረጉትን ክፍል ሁሉ ከነቆሻሻው ከፍ ያደርጋል። 6 ዴሲቤል ሲጨመር የኤሌክትሪኩ ምልክት እጥፍ ይሆናል፣ 12 ሲጨመር አራት እጥፍ። ጂ ኢ 7ም የላይኞቹ መንሸራተቻዎች ሲነሡ ይሻሻል እየተባለ ይታማል። ስለዚህ ድምፁ የታፈነ ከሆነ 3,200ውን ከመስቀል ይልቅ 200ውን ወይም 400ውን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ልጆች ሁሉንም ወደ ላይ መግፋት ይወዳሉ፤ ያ ግን ድምፅ ማስጮህ እንጂ ማስተካከል አይደለም።

«እምምም» የሚል ወፍራም ጉምጉምታ ሲሰማ ደግሞ ጥፋቱ የኢኳላይዘሩ ላይሆን ይችላል። አንድ አዳፕተር ለብዙ ፔዳሎች በቅጥያ ሽቦ ሲከፋፈል፣ በተለይ ከመካከላቸው ዲጂታል ፔዳል ካለ፣ ጫጫታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። መውጫዎቹ እርስ በርስ የተለያዩ የኃይል ማከፋፈያ መግዛት ውድ ቢሆንም ከሁለተኛ ፔዳል ይቀድማል። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት፣ መካከሉ ኔጋቲቭ የሆነ መሰኪያ ይፈልጋሉ። ቮልቱ በትክክል መግጠም አለበት፤ የሚሊአምፔሩ ቁጥር ግን ፔዳሉ ከሚጠይቀው ቢበልጥ ጉዳት የለውም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ አዳፕተር ካለ ጽሑፉን አንብቡ፦ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ 230 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ግን መሰኪያው ብቻ ተቀይሮለት ይሠራል።

ሱቅ ስትሄዱ፣ በተለይ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ፣ የልጁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱ። መንሸራተቻዎቹ ሁሉ መካከል ላይ ይሁኑ፤ ፔዳሉ ሲከፈትና ሲዘጋ የድምፁ መጠንና ጥራት ብዙም መለወጥ የለበትም። ቀጥሎ የጊታሩን ድምፅ ዜሮ አድርጋችሁ የላይኞቹን መንሸራተቻዎች አንድ በአንድ አንሡና አድምጡ። ሲንሸራተት የሚንቋቋ ካለ ውስጡ ቆሽሿል፤ ዋጋ ማስቀነሻ ነው።

ቤት ሲደርስ ከዲስቶርሽን ፔዳሉ በኋላ ቢሰካ ለሶሎ ድምፅ ማጉያም ይሆናል፤ ነገር ግን የዲስቶርሽኑንም ሽሽታ አብሮ ያጎላል። ከዲስቶርሽኑ በፊት ከገባ ግን የሚለወጠው የዲስቶርሽኑ ጠባይ ነው። ድምፅ መቀበያ የተገጠመለት ክራር ያላችሁም በዚሁ ሣጥን ልትጠቀሙ ትችላላችሁ፤ ድምፅ ማጉያው ማፏጨት ወይም ማጓራት ሲጀምር የሚጮኸውን ክፍል ፈልጎ ዝቅ ማድረግ ነው።