ክሮኖ ክሮስ፦ ደጋፊ ገጸ ባሕርያት

«ክሮኖ ክሮስ» የጃፓኑ ኩባንያ ስኩዌር እ.ኤ.አ. በ1999 ለፕሌይስቴሽን ያወጣው የሚና ጨዋታ (RPG) ቪዲዮ ጌም ነው። ዳይሬክተሩም የታሪኩ ዋና ጸሐፊም ማሳቶ ካቶ ነው። ተጫዋቹ ሰርጅ የተባለውን ወጣት እየመራ ከ40 በላይ ገጸ ባሕርያትን ከጎኑ ማሰለፍ ይችላል፤ ውጊያ የሚገቡት ግን 3 ብቻ ናቸው።

የጌሙ ትልቁ ድክመት የሚመነጨው ከዚሁ ብዛት ነው። ብዙዎቹ በአንድ አጭር ትዕይንት ይመጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ታሪኩ እነሱ ኖሩም አልኖሩም ይቀጥላል። ተጫዋቹ ማንን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ንግግር ለሁሉም ተጽፎ የእያንዳንዱን አነጋገር የሚለዋውጥ ፕሮግራም ተሠርቶለታል። ዘዴው ብልህነት ያለበት ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡ አንድ ከሆነ፣ ተናጋሪው ቢኮላተፍም ባይኮላተፍም ያው አንድ ሰው ነው።

በጣም የሚያስቆጨው አስማተኛው ጋይል ነው። መጀመሪያ የቀዳሚው ጌም የ«ክሮኖ ትሪገር» ዝነኛ ገጸ ባሕርይ ማጉስ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱ ስለበዙ ሐሳቡ ቀረ። የተረፈው ጭምብል ያጠለቀ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ፣ የራሱ ታሪክ ግን የሌለው ሰው ነው።

ጸሐፊዎቹ ችሎታ አላነሳቸውም። የባሕር ወንበዴው ፋርጎና ልጁ ዘፋኙ ኒኪ የሚጋሩት የቤተሰብ ሐዘን፣ ወይም ግሌን ስለ ወንድሙ ዳሪዮ የተሸከመው ቁስል፣ ቦታ ሲያገኙ ምን ያህል መጻፍ ይችሉ እንደነበር በግልጽ ያሳያል።