ከባሌስትራ ወደ ሞላ፦ የሱዙኪ ጂምኒ ሰስፔንሽን የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ

የመኪና ሰስፔንሽን የሚባሉት ክብደት የሚሸከሙት፣ የመንገድን ንዝረት የሚያበርዱትና ጎማ የሚዞርባቸውን አክስሎች ከሻንሲው ጋር አያይዘው በቦታቸው የሚያጸኑት ክፍሎች ናቸው። ጉልበታም መኪና የሰስፔንሽን ጉድለቷን በሞተሯ ኃይል በከፊል ልትሸፍነው ትችላለች፤ አነስተኛ ሞተር ያላት ትንሽ መኪና ግን ድንጋያማና ቦይ የበዛበትን መንገድ የምታልፈው አራቱም ጎማዎቿ መሬት ቆንጥጠው ሲይዙ ብቻ በመሆኑ፣ የብቃቷ ዋና መለኪያ ሰስፔንሽኗ ነው። ይህንን ከማንም በላይ ገልጦ የሚያሳየው የጃፓኗ ሱዙኪ ጂምኒ ታሪክ ሲሆን፣ የዚህ ታሪክ ግማሹ በፋብሪካ፣ ግማሹ ደግሞ በየአገሩ በሚገኙ ጋራዦች በብየዳና በመፍቻ የተሠራ ነው።

ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1968 ሆፕ ሞተር ከተባለ አነስተኛ የጃፓን ኩባንያ ኦኤን360 የተሰኘችውን አራቱንም ጎማ የምታንቀሳቅስ ትንሽ መኪና የመሥራት መብት ገዛ፤ ንድፏንም አሻሽሎ ኤልጄ10 የተባለችውን የመጀመሪያዋን ጂምኒ በሚያዝያ 1970 ለገበያ አቀረበ። መኪናዋ ጃፓን አነስተኛ ግብር ለሚከፈልባቸው ጥቃቅን ተሽከርካሪዎች በደነገገችው ልክ የተሠራች ስለነበረች ርዝመቷ ከ3 ሜትር አይበልጥም፤ ከዚህ ልክ እንዳታልፍም ትርፍ ጎማዋ በውስጧ እንዲቀመጥ ተደርጓል። 359 ሲሲ የሆነው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሯ የሚሰጠው ኃይል 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር።

ይህች መኪና ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል ነበራት። ድፍን አክስል የሚባለው ግራና ቀኙን ጎማ በአንድ ወጥ ቱቦ የሚያያይዝ ሲሆን፣ አንዱ ጎማ በድንጋይ ሲነሳ ሌላው ወደ ታች ስለሚጫን ለወጣ ገባ መሬት ይስማማል። ሁለቱም አክስሎች የተያዙት በባሌስትራ፣ ማለትም እንደ ደጋን በተቆለመሙና በተነባበሩ የብረት ዝርግ ንጣፎች ነበር። ባሌስትራ ከፈረስ ጋሪ ዘመን የተወረሰ ነው፤ በመኪና ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየውም ሁለት ሥራ አንድ ላይ ስለሚሠራ ነው፤ ክብደቱን ይሸከማል፣ አክስሉንም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን እንዳይሄድ ራሱ ይይዛል። ተጨማሪ ዘንግ አይፈልግም፤ ንጣፉ ቢሰበርም ብረት የሚሠራ ማንኛውም ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል። ጉድለቱ ንጣፎቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ መድረቁና ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ርቀት ማጠሩ ነው። ኤልጄ10 በወጣችበት በዚያው በ1970 የእንግሊዟ ሬንጅ ሮቨር በጥቅል ሞላ የተሸከመ ድፍን አክስል ይዛ ብቅ በማለት ሌላ መንገድ መኖሩን አሳይታ ነበር፤ ጂምኒ ግን በዚያ መንገድ የሄደችው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

የጂምኒ ሰስፔንሽን ማሻሻል ራሱን የቻለ ሙያ ወደ መሆን የተቃረበው እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለተኛው ትውልድ ከተጀመረ በኋላ ነው። ባለ 1 ሊትሯ ኤስጄ410 እና በኋላ የተከተለቻት ባለ 1.3 ሊትሯ ኤስጄ413 በብዙ አገሮች ተሸጡ፤ ሁለተኛዋ ሳሙራይ በሚል ስም ከ1985 መጨረሻ ጀምሮ ወደ አሜሪካ ገባች፤ በሕንድም ማሩቲ የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት ሻንሲዋ የረዘመውን ጂፕሲ መሥራት ጀመረ፣ የአገሪቱ ጦርም ለረጅም ዘመን ተገለገለባት። ርካሽ፣ ቀላልና በብዛት የምትገኝ በመሆኗ ባለቤቶቿ ሊሞክሩባት አልፈሩም። የመጀመሪያው ሙከራም ቀላሉ ነበር፤ ይኸውም በባሌስትራው ላይ ንጣፍ መጨመር ወይም ሻክሉን ማስረዘም ነው። ሻክል የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝና ባሌስትራው ሲዘረጋ አብሮ የሚወዛወዝ አጭር ማያያዣ ነው። ንጣፍ የተጨመረበት ባሌስትራ መኪናዋን ከፍ ቢያደርግም ያደርቃታል፤ የረዘመ ሻክልም ቢሆን ከተጨመረው ርዝመት በግምት ግማሹን ብቻ ነው ወደ ከፍታ የሚለውጠው። ከዚህም ሌላ የሳሙራይ የፊት ሻክል ከባሌስትራው ፊተኛ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ እሱ ሲረዝም አክስሉ ወደ ፊት ያዘነብልና ካስተር የሚባለው፣ ጎማ ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ቀና እንዲል የሚያደርገው ዘንበል ይቀንሳል፤ መሪውም በፍጥነት ጊዜ ይዋልላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ባሌስትራውን ከአክስሉ ሥር አውጥቶ ከአክስሉ በላይ በማስቀመጥ ነው። በፋብሪካው አሠራር የሳሙራይ ባሌስትራ ከአክስሉ ቱቦ በታች ያልፍ ስለነበር ድንጋይ ቀድሞ የሚመታው እሱን ነበር። ባለሙያዎች በቱቦው አናት ላይ አዲስ ማስቀመጫ በይደው ባሌስትራውን ወደ ላይ ሲያዛውሩት መኪናዋ አንድም አዲስ ባሌስትራ ሳይገዛላት ወደ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ትል ነበር፤ ከአክስሉ ሥር ያለውም ቦታ ይጸዳል፣ ባሌስትራው የፋብሪካ ልስላሴውን እንደያዘም ይቆያል። በካሊፎርኒያ እንደ ሩቢኮን ባሉ ድንጋያማ መንገዶች ላይ ሳሙራይ ከእሷ እጅግ ከሚበልጡ መኪኖች እኩል የተሰለፈችው እንዲህ ባለው ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ግን ያስከተለው ዕዳ ነበረው፤ የሙያው እውነተኛ ዕውቀት የተገነባውም ዕዳውን በመክፈል ሂደት ነው። አክስሉ ከባሌስትራው በታች ሲንጠለጠል ሞተሩ የሚልከው የማዞር ኃይል ለስላሳውን ባሌስትራ ይጠመዝዘዋል፤ ይህንን ለመግታት አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያይዝ ተጨማሪ ዘንግ መሥራት አስፈለገ። ከመሪው ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ወደ ላይ ከመጣው ባሌስትራ ጋር ስለሚጋጭ እሱም ከፍ መደረግ ነበረበት፤ ከካምቢዮ ወደ አክስል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ በሰላ አንግል መሥራት ስለሚቸግረው እንዲረዝምና እንዲስተካከል ግድ ሆነ፤ አክስሉ ወደ ታች ሲወርድ የሚወጠረው የፍሬን ጎማ ቱቦም በረዥም መተካት ነበረበት። ባሌስትራውን ብቻ አንስተው ሌላውን የተዉ ሰዎች በአቀበት ላይ የምትችል፣ በአስፋልት ላይ ግን የምታሰጋ መኪና ነበር የሠሩት።

የከፍታ አደጋ በአደባባይ የተነሳውም በዚሁ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሳሙራይ በድንገተኛ መታጠፍ ጊዜ በቀላሉ ትገለበጣለች በማለት ተቀባይነት የላትም የሚል ፍርድ ሰጠ፤ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መኪናዋ እንድትሰበሰብ የቀረበለትን ጥያቄ በዚያው ዓመት ውድቅ ሲያደርግ፣ ሱዙኪ በመጽሔቱ አሳታሚ ላይ የመሠረተው ክስ በስምምነት የተዘጋው በ2004 ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገር ያልተለወጠችውን መኪና የሚመለከት ቢሆንም፣ ከእሷ 13 ሴንቲሜትር ከፍ ያለች መኪና የሚነዳ ሰው የክብደት ማዕከል ከፍ ባለ መጠን የመገልበጥ ዕድል እንደሚጨምር ከቶ ሊዘነጋው አይገባም ነበር። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ከዚያ ወዲህ ከከፍታው ይልቅ ጎማው መሬት ሳይለቅ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበትን ርቀት ማስበለጡን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ፋብሪካው በበኩሉ በ1995 በጃፓን በሸጣቸው ጂምኒዎች ባሌስትራውን ትቶ ጥቅል ሞላ አስገባ፤ በ1998 የወጣው ሦስተኛው ትውልድም ይህንኑ አሠራር ወደ ዓለም ገበያ አደረሰ። ድፍን አክስሎቹና ጠንካራው ሻንሲ አልተነኩም። ሞላ ክብደት ከመሸከም በቀር አክስል መያዝ ስለማይችል፣ በእያንዳንዱ አክስል ላይ ሁለት ክንዶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀሱን፣ ፓናርድ የሚባል አንድ አግዳሚ ዘንግ ደግሞ ወደ ጎን መንሸራተቱን እንዲገቱ ተደረገ። በዚህም ባሌስትራ ብቻውን ይሠራቸው የነበሩት ሁለት ሥራዎች ተለያዩ፤ መኪናዋም የበለጠ ለሰለሰች፣ የጎማዎቿም የመንቀሳቀሻ ርቀት ጨመረ።

የማሻሻል ሙያውም አብሮ ተለወጠ፤ ብየዳው ቀርቶ በብሎን የሚገጠም ዕቃ ቦታውን ያዘ። በተለምዶ 50 ሚሊሜትር ገደማ የሚያስነሳ ረዥም ሞላና ከእሱ ጋር የሚስማማ ሾክ አብዞርበር፣ ማለትም የሞላውን መወዛወዝ በዘይት ግፊት የሚያበርድ ክፍል፣ አንድ ላይ ይገጠማሉ። ዕዳው ግን መልኩን ቀይሮ ቀጠለ። መኪናዋ ከፍ ስትል የፓናርዱ ዘንግ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ ስለዚህ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ያስፈልጋል። የፊት ክንዶቹም ወደ ታች ሲያዘነብሉ አክስሉን ስለሚያዞሩት ካስተሩ እንደገና ይቀንሳል፤ ይህም ቀዳዳቸው ከመሃል ወጣ ባለ ጎሚኒዎች ወይም ቅርጻቸው በተለወጠ ክንዶች ይታረማል። በሳሙራይ ዘመን በሻክል የተገኘው ትምህርት በሞላ ዘመን ያለ ለውጥ ተደገመ።

ሳሙራይም ብትሆን ክብሯ አልጠፋም። በሚያዝያ 2007 ሁለት ቺሊያውያን፣ ጎንዛሎ ብራቮና ኤድዋርዶ ካናሌስ፣ የተሻሻለች ሳሙራይ ነድተው በኦሆስ ዴል ሳላዶ እሳተ ገሞራ ተራራ ላይ 6,688 ሜትር ከፍታ ደረሱ፤ በዚህም ጂፕ የያዘችውን የ6,646 ሜትር ክብረ ወሰን ሰበሩ። በ2018 የተጀመረው አራተኛው ትውልድ ደግሞ አብዛኞቹ አምራቾች ድፍን አክስልን በተዉበት ጊዜ ሁለቱንም ድፍን አክስሎች፣ ሞላዎቹንና ሻንሲውን ይዞ ቀጥሏል፤ ባለ 1.5 ሊትሯም ከፋብሪካ ስትወጣ ከመሬት 210 ሚሊሜትር ከፍ ያለች ናት።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። የትንሿ መኪና ጥንካሬ ቅልልነቷ ሲሆን፣ ቅልልነቷን የሚያስጠብቅ ልከኛ ማሻሻያ ዘመናትን ተሻግሯል፤ ለመታየት ሲባል የተጨመረ ከፍታ ግን ባለቤቱን በአስፋልት ላይ ለአደጋ አጋልጧል። ሰስፔንሽን እርስ በርሱ የተያያዘ አንድ አካል በመሆኑ፣ ሞላ ወይም ባሌስትራ ለመለወጥ የሚነሳ ሰው ገንዘቡንና ትኩረቱን አስቀድሞ ለመሪው፣ ለፍሬኑና ለአክስሉ መያዣዎች ሊመድብ ይገባዋል።