አቦል ከእንጦጦ በላይ

ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አንድ ረጅም የስም ዝርዝር ይፋ አደረገ። በዝርዝሩ ውስጥ ማንኛዋም የፒያሳ ቡና አፍይ የምታውቃቸው ሁለት ቃላት ነበሩ። እስከዚያ ቀን ኤችዲ 16175 በሚል የመዝገብ ቁጥር ብቻ ትጠራ የነበረችው ኮከብ «ቡና» ተባለች፤ እሷን የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል»።

ነገሩ የመጣው ኅብረቱ 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው። ከ110 ለሚበልጡ አገሮች አንድ አንድ ኮከብ ደለደለና ሕዝባቸው ስም እንዲያወጣ ጋበዘ። ኮከቧ ከዚያው አገር ሰማይ ላይ የምትታይ መሆን ነበረባት። የኮከቧና የፕላኔቷ ስምም ከአንድ ጭብጥ ተቀድቶ፣ ወደፊት ሌሎች ፕላኔቶች ቢገኙ ለእነሱም የሚተርፍ እንዲሆን ተፈለገ። በዚህ በኩል የኢትዮጵያ ምርጫ እንከን አይወጣለትም፤ ሁለተኛ ፕላኔት ከተገኘች ቶና፣ ሦስተኛ ከተገኘች በረካ ናት። ይሁን እንጂ የሳምንቱን ወሬ የወሰደው ይህ ስም አልነበረም። ከ3 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 10፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተወነጨፈች።

ኅብረቱ ለኢትዮጵያ የደለደላት ኮከብ የምትገኘው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። የግሪኮች «ኢትዮጵያ» የዛሬዋ ካርታ አይደለችምና ከዚህ ብዙ ማትረፍ አይገባም፤ አጋጣሚው ግን ያስደስታል።

ከፒያሳው ሰፈር ከዶሮ ማነቂያ ሆኖ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው ፊቱ የሚያገኘው እንጦጦን ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ቡና ከዚያ ተራራ አናት በላይ ከአድማሱ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። በባዶ ዓይን አትታይም፤ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያስፈልጋል፤ የፒያሳ መብራትም አያግዝም። ርቀቷ ወደ 195 የብርሃን ዓመት ነው። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. እዚህ የደረሰው ብርሃኗ መንገድ የጀመረው በዘመነ መሳፍንት ነው። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ ኃይሉ ያኔ ገና ልጅ ነበሩ። አዲስ አበባም ልትቆረቆር ከ60 ዓመት በላይ ይቀራት ነበር። ያ ብርሃን ገና በመንገድ ላይ ሳለ የአራዳ ገበያ ቆመ፤ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ ሱቅ ከፈቱ፤ ጣሊያን ገብቶ ሰፈሩን ፒያሳ ብሎ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ቶሞካ ቡና መቁላት ጀመረ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ከሌሎች የፒያሳ ሰፈሮች ጋር ፈረሰ። ሥጋ ቤቶቹና ጠባብ መጠጥ ቤቶቹ የኖሩት ዕድሜ በሙሉ ከቡና እስከ እኛ ካለው የአንድ ብርሃን ጉዞ ያንሳል። ዛሬ ከቡና ወገን ወደዚህ የሚመለከት ዓይን ቢኖር፣ የሚያየው ከተማ የሌለበትን ሜዳ ነው።

ዓይን ቢኖር ያልኩት ለወግ አይደለም። በአገራችን ትምህርት ሰማይ ነዋሪ አጥቶ አያውቅም። የሥነ ፍጥረት መምህራን ኢዮር፣ ራማና ኤረር የሚሏቸው ሦስት ሰማያት የመላእክት ከተሞች ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡባቸውንና የሚገቡባቸውን ደጆች ይቆጥራል፤ ለዓመቱም 364 ቀን ይሰጣል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ይዟቸው ከሄዳቸው ቅጂዎች አንዱ በሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው፤ በ2012 የደረሰን የቡና ብርሃን ጉዞ ከጀመረበት ጊዜ ብዙም አይርቅም። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት ሥነ ፈለክ አጥኚ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ ራሱን በቻለ መጽሐፍ አጠና። እሱ ያጠናቸው ብራናዎች የሚያተኩሩት በበዓላትና በአጽዋማት ቀመር ላይ ነው። የሰማይ ነዋሪዎችን ጉዳይ ለሥነ ፍጥረት መምህራን ይተዉታል።

በመሣሪያ መለካት የመጣው ዘግይቶ ነው። ከአራዳ የእግር መንገድ በሆነው አራት ኪሎ፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በ1957/58 እ.ኤ.አ. የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። ቦታው የተመረጠው አዲስ አበባ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለሆነች ነው፤ ከዚያ መስመር በላይ፣ በላይኛው አየር ውስጥ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ቢሾፍቱ ላይ ቤከር-ነን የተባለውን ካሜራ ተክሎ ሳተላይቶችን ከከዋክብት ጋር ፎቶ ያነሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ረጅም ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ2007 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ከፍታ፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች ተመረቁ።

ከምድር ውጭ ሕይወት አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ ኢትዮጵያ ያቀረበችው ትልቁ ማስረጃ ግን የተገኘው ከተራራ ላይ አይደለም፤ ከባሕር ጠለል በታች፣ ከአፋሩ ዳሎል ነው። ከሥር የሚፈላው ውሃ በጨው የተሞላ፣ አሲዱም ከባትሪ አሲድ የማይተናነስ ነው። የጥንቷን ማርስ የሚያጠኑ ሰዎች ወደዚያ የሚጎርፉት ለዚህ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ አንድ ቡድን ከፍልውሃው የጨው ክምር ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሕያዋን አሻራ አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ የሚመራው ሌላ ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም ሲል ጻፈ። ሁለተኛው ቡድን ያስተዋለውን አንድ ነገር ማለፍ አይገባም። በአጉሊ መነጽር ክብ ክብ ሆነው ሕዋስ የሚመስሉ ደቃቅ ነገሮች ታይተው ነበር፤ ሲመረመሩ ሲሊካ የበዛባቸው ማዕድናት ሆነው ተገኙ። ማርስ ላይ ክብ ነገር አየሁ የሚል ሁሉ ይህን ጽሑፍ ቢያነብ አይጎዳም።

አቦልን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። በ2009 እ.ኤ.አ. መኖሯን ያስታወቁት የካሊፎርኒያው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ ተመራማሪዎች ያጠኑት የቡናን ብርሃን ነው። የብርሃኗ መስመሮች አንዴ ወደ ቀይ፣ አንዴ ወደ ሰማያዊ ጥግ ሲመላለሱ፣ አንድ ዙር የፈጀባቸው 2 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ነው። ኮከቧን የሚጎትታት አንድ ከባድ አካል ነበረ። አቦል ቢያንስ የጁፒተርን ክብደት 4 እጥፍ ታህላለች። የምትዞርበት መንገድ እጅግ የሞላላ ስለሆነ አንዴ ከኮከቧ ተጠግታ ትግላለች፣ አንዴ ርቃ ትቀዘቅዛለች። መርገጫ መሬት የላትምና ነዋሪ የሚፈልግ ሰው ጨረቃዎቿን ተስፋ ማድረግ ይኖርበታል። እስካሁን አንድም ጨረቃ አልተገኘላትም። ከተገኘችላት ስም አይቸግርም፤ ቆሎው፣ ዳቦው፣ ፈንዲሻው፣ የቡና ቁርስ ሞልቷል።