ከነጥላሸቱ ይሠራ

በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፣ ሊዘረጉ ከታሰቡት የባቡር መስመሮች አንዱ መነሻው ፍኖተ ሰላም ነበር። ከዚያ ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ አድርጎ እስከ ሰመራና ጋላፊ የሚዘልቅ፣ 734 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር። ጎጃም ላይ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሐዲድ አልተነጠፈም። የአዴት ወይም የቡሬ ልጅ ባቡር የሚያየው በቴሌቪዥን፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ሲወርድ ነው። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ አዲስ አበባም ቢወርድ አያገኝም፤ ከአገሪቱ ሐዲድ ላይ ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

እንዲህ ላለ አካባቢ ልጅ የእንፋሎትን ዘመን በእጅ አስይዞ ለማስተማር ሞዴልን የሚያህል ነገር የለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የሞዴል ባቡር ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥበብ ነው። የጀርመኑ ሜርክሊን እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ ትርኢት የመጫወቻ ሐዲድን ስፋት በቁጥር ደልድሎ አቀረበ፤ የእንግሊዙ ሆርንቢ በ1938 ደብሎ የተባለውን ትንንሽ ባቡር ገበያ ላይ አዋለ። ዛሬ ፋብሪካዎቹ ሠርተው የጨረሱት ሎኮሞቲቭ ከካርቶኑ ወጥቶ ሐዲድ ላይ ሲቀመጥ ወዲያው ይሄዳል። ቀለሙ የተስተካከለ ነው፤ ቁጥሩም በልኩ ታትሟል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ ላይ ያለ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ ውሎ አያውቅም። ስለዚህ የዘርፉ ሰዎች ከፋብሪካ የወጣውን ዕቃ እንደገና ይሠሩታል፤ የጎደለውን ቧንቧና ፋኖስ ይጨምሩለታል፣ ብልጭታውን ይገድላሉ፣ ጥላሸቱን፣ ዝገቱን፣ አቧራውን ያለብሱታል። ይህን ሥራ የማየው እንደ ታሪክ ጽሑፍ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሞዴል ሥራ ቢስፋፋ ምኞቴ የራሳችን ሎኮሞቲቮች ከነጥላሸታቸው እንዲሠሩ ነው።

እድፉ የዘፈቀደ አይደለም። እያንዳንዱ ምልክት ምክንያት አለው። ማገዶ የሚነድበት የእሳት ክፍል ጭሱን በቦይለሩ ውስጥ በሚያልፉ ቱቦዎች ወደ ፊት ይልካል፤ ጭሱ በጭስ ማውጫው ሲወጣ ጥቀርሻው በሎኮሞቲቩ ጀርባና በሹፌሩ ክፍል ጣሪያ ላይ ይረጋል። ጭሱ የሚጠራቀምበት የፊተኛው ሣጥን ከሙቀቱ ብዛት ቀለሙ ይቃጠላል፤ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቆይቶ ዝገት ያወጣል። በእንፋሎት ማስተንፈሻው ዙሪያና በቧንቧ መጋጠሚያዎች ሥር ነጭ ዥረት ይታያል፤ ውሃው ሲተን የቀረ ማዕድን ነው። የፍሬኑ ብረት ከመንኮራኩር ሲፋተግ የሚበነው ብናኝ የታችኛውን ክፍል ቡናማ ያደርገዋል። መንኮራኩሮቹን የሚያያይዙት ዘንጎች ዘይት ስለሚጠጡ አቧራውን ይዘው ጠቁረው ያብለጨልጫሉ። የሰው እጅና እግር የሚያርፍባቸው መያዣዎችና መወጣጫዎች ብቻ ቀለማቸው ተልጦ ብረታቸው ይነጣል። ጥሩ ሞዴል ሠሪ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅ ደግሞ ቀለም ይረጭና ያቆሽሸዋል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ የመጀመሪያው ባቡር የመጣው ከጦር ጋር ነው። ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ከዙላ ወደ ኩማይሊ አጭር ሐዲድ ዘርግተው ከሕንድ ያመጧቸውን ሎኮሞቲቮች አንቀሳቀሱበት። ጦርነቱ እንዳለቀ ነቅለው ሄዱ።

ጸንቶ የቀረው ባቡር የተወለደው ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲሳቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእርሱ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ሥራው ቆሞ እንደገና ተነሣ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር።

ይህ አንድ ሜትር ለሞዴል ሠሪ ትልቅ ነገር ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው ሞዴል ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን ሐዲዱ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ይህ ግን የ1435 ሚሊ ሜትሩ መስመር ልክ ነው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የሚሄድበት ዓይነት። የጥንቱን መስመር ለመሥራት የሚስማማው በዚያው ልኬት 12 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ሐዲድ ነው፤ የስዊዘርላንድን ጠባብ የተራራ መስመሮች የሚሠሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ተለቅ ያለ የሚፈልግ ደግሞ የጀርመኑ ሌማን እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ባለ 45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አለለት፤ እርሱም የአንድ ሜትር መስመርን በ22.5 አሳንሶ የሚያሳይ ነው። የምኒልክን መስመር በሙሉ በ87 አሳንሶ ልዘርጋ የሚል ሰው ቢነሣ 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል። ሎኮሞቲቩ ግን ትንሽ ነው፤ እውነተኛው አሥር ሜትር ቢረዝም ሞዴሉ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል።

አሁን የመስመሩን መልክዓ ምድር እናስብ። ባቡሩ ከባሕር ጠለል ይነሣል፤ የጅቡቲ ጨዋማ አየር ብረት ይበላል። ከዚያ የኢሳን በረሃ ያቋርጣል፤ አቧራው ገርጣ ያለ፣ ደቃቅ፣ በየስንጥቁ የሚገባ ነው። ድሬዳዋን አልፎ አዋሽን ይሻገራል፤ ከአዋሽ ወዲያ ደጋውን መውጣት ይጀምርና ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አዲስ አበባ ይገባል። ክረምት ከሆነ ከበረሃው የያዘው አቧራ በደጋው ዝናብ ታጥቦ በጎኑ ላይ ጭረት ጭረት ሆኖ ይወርዳል። አዲስ አበባ ለገሀር ጣቢያ የቆመ ሎኮሞቲቭና ጅቡቲ ላይ የቆመ ሎኮሞቲቭ አንድ ዓይነት ሞዴል ሊሆኑ ይችላሉ፤ እድፋቸው ግን አንድ አይሆንም። ከአውሮፓ የመጣ ባለሙያ የእንግሊዝን ጭጋግና የድንጋይ ከሰል ጥቁረት ለምዶ ነው የሚሠራው፤ የእኛን መስመር በዚያ መልክ ቢያጠቁረው ሌላ አገር ይሆናል። ማገዶውም ይለያል። የድንጋይ ከሰል ጥቀርሻው ጥቁርና ቅባታም ነው፤ እንጨት የሚነድበት ግን ከታች የሚያራግፈው አመድ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ፎቶግራፍ የሚመረምር ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ከኋላ የተጫነው ከሰል ነው ወይስ ፍልጥ የሚለውን ነው።

ዘመኑን መለየት ደግሞ ከቦታውም ይብሳል። የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ፤ የእንግሊዙ የግሎስተር መስፍንና የፈረንሳዩ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ የመጡት በዚሁ ሐዲድ ነው። የዚያን ሰሞን ባቡር የሚሠራ ሰው ናሱን ቢያብለጨልጭ፣ የፊቱን ክፍል አዲስ ጥቁር ቢቀባ ማንም አይወቅሰውም፤ ጥቂት አቧራ ከመንኮራኩሩ በላይ ማሳረፍ ይበቃዋል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በማይጨው ከደረሰው ሽንፈት በኋላ በዚሁ መስመር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ያ ጉዞ ሰንደቅና ሙዚቃ የነበረው አቀባበል አይደለም። ለእርሱ የሚሠራ ሞዴል ቢያብረቀርቅ ሐሰት ይናገራል። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ሞዴል ሠሪው ይህን ልዩነት በብሩሽ ብቻ ማሳየት ይችላል፣ አንድ ቃል ሳይጽፍ። ይህን ያህል ኃይል ያለው የታሪክ ማስተማሪያ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ቢገባ ምንኛ ደስ ባለኝ!

የመመለሻውን መንገድ የጎጃም ሰው ያውቀዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው በበለያ፣ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በባቡር ወጥተው ባቡር በሌለበት አገር ተመለሱ። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ስለዚያ ዘመን የሚናገር አንድ ክፍል ቢዘጋጅ፣ በአንድ በኩል የ1928ቱ ባቡር፣ በሌላው የጎጃም በቅሎና አርበኛ ቢቀመጡበት ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።

ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁሉ ከውጭ ማስመጣትም አያሻም። በውጭ ገበያ ባለሙያዎቹ የሚገዙት በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ የቀለም ዱቄት ነው። አዴት ላይ ቀዩ አፈር በእጅ አለ፤ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በስስ ጨርቅ ከተነፋ ከዚያ ብልቃጥ የሚያንስበት ነገር የለም። ከሰሉም፣ አመዱም በየምድጃው ነው። ጥላሸትን በተመለከተማ ጎጃም የሚያስተምር አገር ነው፤ ቁም ጸሐፊዎቹ ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከሙጫ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ጥላሸቱ ብቻውን ብራና ላይ እንደማይጸና እነርሱ ያውቃሉ፤ ሞዴል ላይም እንደዚያው ነው፣ ዱቄቱ ከተቀባ በኋላ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ በስሱ ካልተረጨበት የነካው ጣት ይዞት ይሄዳል።

ልኩን መጠበቅ ግን የግድ ነው። በ87 የተቀነሰ ሞዴል ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች የከሰል ፍንካች በእውነተኛው ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ድንጋይ ናት። ከኋላ ለሚጫነው ማገዶ ይህ ልክ ነው፤ ለጥቀርሻ ግን ከጤፍ ዱቄት የላመ ካልሆነ ሎኮሞቲቩ ጠጠር የወረደበት ይመስላል። ከቆርቆሮ የተፋቀ ዝገትም ደስ የሚል መልክ አለው፤ ነገር ግን ያልዛገ የብረት ብናኝ ስለሚቀላቀልበት የሞተሩ ማግኔት ስቦ ያስገባዋል፤ ሞተሩም ይበላሻል። ቀይ አፈር ይሻላል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ብልጭታው በቫርኒሽ ይገደላል። ቀጥሎ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በሙሉ ገላው ላይ ይለቀቅና ሳይደርቅ በጨርቅ ይጠረጋል፤ በየብሎኑና በየመጋጠሚያው ሥር ብቻ ይቀራል። ጥቀርሻው ከላይ፣ የሐዲዱ አቧራ ከታች ይመጣል፤ መካከሉ ቀለል ይላል። የውሃው ነጭ ዥረት በቀጭን ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይሳባል፤ ውሃ ወደ ጎን አይፈስምና። የመንኮራኩሮቹ ገጽ ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ የሚቀበል ስለሆነ ቀለም ከነካው በአልኮል መጠረግ አለበት፤ አለዚያ ያ ሁሉ ተለፍቶበት አይንቀሳቀስም። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያበዙት ዝገት ነው። በአገልግሎት ላይ ያለ ሎኮሞቲቭ ሁልጊዜ በዘይትና በጨርቅ የሚያሽ ሠራተኛ ነበረው፤ ዝገት የሚሰለጥነው ከቆመ በኋላ ነው። ዝገት ያለበሰው ሰው ባቡሩ ሞቷል እያለ ነው፤ ያላሰበውን እንዳይናገር ይጠንቀቅ።

በሕይወት ያለ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በቅርብ ያለው አስመራ ነው። ከምጽዋ አስመራ 118 ኪሎ ሜትሩን ይወጡ የነበሩት የጣሊያኑ አንሳልዶ ሎኮሞቲቮች ከኤርትራ ነጻነት በኋላ ታድሰው ብዙ ፎቶግራፍ ተነሥቶባቸዋል። ስለ እንፋሎትና ስለ ውሃ ምልክት ከእነርሱ ብዙ መማር ይቻላል። የሐዲዳቸው ስፋት ግን 950 ሚሊ ሜትር ነው፣ መስመሩም ሌላ ታሪክ አለው፤ የእነርሱን መልክ ወስዶ የድሬዳዋን ሎኮሞቲቭ ማልበስ አይገባም።

የእኛዎቹ ምስክሮች ድሬዳዋ ናቸው። በ1940ዎቹ ከስዊዘርላንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መጥተው የእንፋሎቱን ቦታ መያዝ ጀመሩ፤ የአሮጌዎቹ ቅሪት በድሬዳዋ ወርክሾፕ ግቢ ይገኛል። እዚያ የሚታየው ዝገት የቆመበት ዘመን ዝገት ነው፤ የሥራውን ዘመን መልክ የሚያውቁት ዘይት የቀቡት፣ ማገዶ የጨመሩት፣ ውሃ የሞሉት ሰዎችና በልጅነታቸው ለአባቶቻቸው ምሳ ይዘው ወርክሾፕ የገቡ ልጆቻቸው ናቸው። እነርሱም አርጅተዋል። ሞዴል ለመሥራት የሚያስብ ወጣት፣ ከጎጃምም ይሁን ከሐረርጌ፣ ብሩሽ ከመግዛቱ በፊት ድሬዳዋ ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ ፊት ይቀመጥ። ውሃው የት የት ያንጠባጥብ እንደነበር፣ ከኤረር ጣቢያ ወዲህ ሎኮሞቲቮቹ የሚለብሱት አቧራ ምን ይመስል እንደነበር፣ የትኛው መያዣ በእጅ ብዛት ነጥቶ እንደነበር ይጠይቅና ይጻፍ፤ ፎቶግራፍ ካላቸውም በአክብሮት ለምኖ ቅጂውን ይውሰድ።