ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚገባ ስቴንት፦ ጥቅሙ፣ ጥንቃቄውና የሚወጣበት ጊዜ

በእያንዳንዱ ኩላሊት የሚጣራው ሽንት ወደ ሽንት ፊኛ የሚወርደው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቀጭን ቱቦ አማካኝነት ነው። ይህ ቱቦ በጠጠር፣ በጠባሳ ወይም በዕጢ ጫና ሲዘጋ ሽንቱ መውረጃ ስለሚያጣ ኩላሊቱን ይወጥረዋል። መዘጋቱ በጊዜ ካልተፈታ ኩላሊቱ ቀስ በቀስ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። በታቆረው ሽንት ላይ ኢንፌክሽን ከተጨመረበት ደግሞ ሁኔታው ለሕይወት አስጊ ስለሚሆን አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ስቴንት ምንድን ነው?

ስቴንት ይህንን መተላለፊያ ክፍት አድርጎ የሚያቆይ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ከቦታው እንዳይንሸራተት ሁለቱም ጫፎቹ የተጠቀለሉ ናቸው፤ አንዱ ጫፍ በኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው በፊኛ ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ ቅርጹ ምክንያት በሆስፒታሎች «ዲጄ ስቴንት» ተብሎ ይጠራል። ስቴንት በራሱ ጠጠርን አያሟሟም፣ ዕጢንም አያድንም፤ ዋናው ሕክምና እስኪሰጥ ወይም ቁስሉ እስኪድን ድረስ ሽንት እንዲወርድ ያደርጋል።

ለማን ይገባል?

• ቱቦው በጠጠር ተዘግቶ ኃይለኛ ሕመም፣ ኢንፌክሽን ወይም የኩላሊት ድካም ላጋጠመው ታካሚ፤
• ጠጠር በመሣሪያ ከወጣ በኋላ ቱቦው በእብጠት እንዳይዘጋ፤
• እንደ ማህፀን በር ካንሰር ያሉ ዕጢዎች ቱቦውን ሲጫኑት፤
• በቀዶ ሕክምና ወቅት የተጎዳ ቱቦ ከተጠገነ በኋላ፤
• በኩላሊት ንቅለ ተከላ ጊዜ።

ስቴንቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቆዳ ሳይቀደድ፣ በሽንት መውጫ በኩል በሚያልፍ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ነው። ታካሚው ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ትክክለኛ ቦታውን መያዙም በራጅ ይረጋገጣል።

ስቴንቱ በሰውነት ውስጥ ሳለ የሚጠበቁ ስሜቶች

ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ሽንትን ለመያዝ መቸገር፣ በሽንት መጨረሻ ላይ ማቃጠል እንዲሁም ሽንት ሲሸና የጎን ሕመም የተለመዱ ናቸው። የጎን ሕመሙ የሚመጣው ፊኛው ሲጨመቅ ጥቂት ሽንት በስቴንቱ በኩል ወደ ኩላሊት ስለሚመለስ ነው። ሽንት በተለይ ብዙ ከተሠራ ወይም ከተራመዱ በኋላ ቀላ ሊል ይችላል። በቂ ውኃ መጠጣት፣ ቡናና ሻይ መቀነስ እንዲሁም በሐኪም የታዘዘ ማስታገሻ መውሰድ ይረዳል። በጾም ወቅት ከመጠጥ የሚታቀቡ ታካሚዎች አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ።

በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፤
• ሽንት ጨርሶ አለመውጣት፤
• በማስታገሻ የማይበርድ ኃይለኛ ሕመም፤
• የረጋ ደም ያለበት ወይም እየበዛ የሚሄድ የደም ሽንት፤
• የስቴንቱ ጫፍ ወደ ውጭ መውጣት ወይም ሳያቋርጥ የሚያመልጥ ሽንት።

እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። ለሚያክመው ባለሙያም በሰውነት ውስጥ ስቴንት እንዳለ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ስቴንቱ በጊዜው መውጣት አለበት

ስቴንት ጊዜያዊ ነው። እንደ ሕመሙ ዓይነት ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ለረጅም ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎችም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 እስከ 6 ወሩ መቀየር ይኖርበታል። በነፍሰ ጡር እናቶችና ጠጠር በሚደጋገምባቸው ሰዎች ላይ ቶሎ ስለሚቆሽሽ የመቀየሪያ ጊዜው ሊያጥር ይችላል።

ትልቁ አደጋ ስቴንቱን መርሳት ነው። ሕመሙ የተሻለው ሰው ሥራ በዝቶበት፣ አካባቢ ቀይሮ ወይም ወደ ውጭ አገር ሄዶ ቀጠሮውን ሊተወው ይችላል። በዚህ መካከል በሽንት ውስጥ ያሉ ማዕድናት በስቴንቱ ላይ ይጋገራሉ፤ በጫፎቹም ላይ ጠጠር ይሠራል። እንዲህ የሆነ ስቴንት በቀላሉ አይወጣም፤ ሊሰበር፣ ከአንድ በላይ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ፣ አልፎም ኩላሊቱን ሊያሳጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ያለ ምንም ሕመም ሊደርስ ስለሚችል የሕመም አለመኖር ለመቆየት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

በጊዜው የሚወጣ ስቴንት ግን ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ደቂቃዎችን ብቻ ነው። አብዛኞቹ አዋቂዎች በማደንዘዣ ቅባት ብቻ ወጥቶላቸው በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በአንዳንድ ስቴንቶች ጫፍ ላይ ለማውጫ የሚያገለግል ክር ስለሚኖር ታካሚው ክሩን መጎተት የለበትም።

ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት

1. ስቴንት መግባቱንና በየትኛው ጎን እንደሆነ በመውጫ ማስረጃዎ ላይ ያጽፉ፤
2. የሚወጣበትን ቀን በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ለይተው ያስመዝግቡ፤ የወሩ መለያየት ቀጠሮ ያሳስታል፤
3. ቀኑን ለአንድ የቤተሰብ አባል ያሳውቁ፤
4. ወደ ሌላ ከተማ ወይም አገር የሚሄዱ ከሆነ ማስረጃውን ይያዙ፤ የት እንደሚወጣልዎት አስቀድመው ይጠይቁ፤
5. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎ የታደሰና የሪፈር ወረቀትዎ የተሟላ መሆኑን ከቀጠሮው በፊት ያረጋግጡ።

የማውጫ ቀንዎ ካለፈ ምንም ሕመም ባይሰማዎትም ስቴንቱ ወደ ገባበት ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሳይዘገዩ ይሂዱ። ቀኑ አልፎብኛል ብሎ ማፈር አይገባም፤ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ወር ማውጣቱ እየከበደ ይሄዳል።