የበጋ ወራት የቤትና የጓሮ እድሳት

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ቤትና ጓሮ በዋናነት የሚታደሱት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅና ቀዝቃዛ ወራት ነው። በዚህ ወቅት ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም ይሆናል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ውርጭም ይጥላል።

ቀድሞ የሚታየው ጣሪያ ነው። ክረምቱ የቆርቆሮውን ቀዳዳ፣ የላላውን ምስማርና የዛገውን አሸንዳ አጋልጦ ስለሚሄድ ፍለጋ አያሻውም። የሚያፈስ ጣሪያ ሳይደፈን ግድግዳ ማደስ ገንዘብ መበተን ነው።

በጭቃ ቤት ላይ ትልቁ ሥራ ምርጊት ነው። ከመሬት እየነጠረ የሚረጨው ዝናብ የግድግዳውን ሥር ይበላዋል። የላላው ጭቃ ተፍቆ ይወርዳል፤ ምስጥ የበላው ወይም የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቋሚም ይለወጣል። አዲሱ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር እየተረገጠ ይቦካና ውሃ እየተጨመረበት ለቀናት ይቆያል። ሽታው ጎረቤት ቢያስመርርም ጥሩ መራጊ ይህን ጊዜ አያሳጥርም፤ ጭዱ የሚለሰልሰውና ጭቃው አጥብቆ የሚይዘው በቆይታው ነው። ቀጫጭኑ የጤፍ ጭድ በጭቃው ውስጥ ተሠራጭቶ እንደ ጅማት ስለሚያስተሳስረው ስንጥቁ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰነጣጠቁ ግን አይቀርም፤ ሁለተኛው ምርጊት ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ስለሚይዝ ይህ እንደ ጉዳት አይቆጠርም። ቀዝቃዛ አየር የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። በመጋቢት ሐሩር የተመረገ ግድግዳ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይተረተራል፤ በኅዳር የተመረገው ቀስ ብሎ፣ ውስጥና ውጩ ተመጣጥኖ ይደርቃል።

ሲሚንቶ በአንጻሩ ብርድ አይስማማውም። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መጠንከሩ እጅግ ይዘገያል፤ ሳይጠነክር ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሠራ ደግሞ አርማታው ይፈረካከሳል። ስለዚህ በብርዳም ቦታ የሲሚንቶ ሥራ ረፋድ ላይ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትበርድ ይጠናቀቃል፤ አርማታው ማታ ማታ በጆንያ ወይም በላስቲክ ይሸፈናል። የበጋው ነፋስ እርጥበቱን ስለሚመጠው ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት።

ቀለም መቸኮልን አይወድም። ለእንቁጣጣሽ ተብሎ በጳጉሜን የሚቀባ ግድግዳ የክረምቱ እርጥበት ውስጡ ይታፈንና ቀለሙ አረፋ እያወጣ ይላጣል። ለገና ቢደርስ ይሻላል። ኖራ ግን እርጥበት ስለሚያሳልፍ ያን ያህል አያስቸግርም።

በጓሮ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ቅዝቃዜውን ይችላሉ። ድንችና ቲማቲም ግን በአንድ ሌሊት ውርጭ ቅጠላቸው ጠቁሮ ያድራል። ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየርም ከባድ ስለሆነ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል። ስለዚህ በቀላሉ የሚጎዳ ተክል ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ወይም ከፍ ባለ መደብ ላይ ቢተከል ይመረጣል። ችግኝ ማታ በጭድ ወይም በጨርቅ ይሸፈናል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ይገለጣል። እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ የቀኑን ሙቀት ስለሚያከማች ውርጭ የሚያሰጋ ቀን ከሰዓት በኋላ ማጠጣት ይረዳል። የጓሮው የጎርፍ ቦይ ደግሞ የሚጠረገውና የሚሰፋው መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ ዶማ በቀላሉ በሚገባበት በጥቅምት ነው።