የሠንጠረዥ ራስና የእንጦጦ ሰማይ

ከየካ ተረተር ጋር በተያያዘው የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በ2013 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመ። ይሁን እንጂ የዘመናችን የከዋክብት ተመራማሪ ከሰማዩ ይልቅ አዘውትሮ የሚያየው ሠንጠረዥ ነው።

ረጅም ሠንጠረዥን ሙሉ ማንበብ ስለማይቻል፣ ራሱን ብቻ ገልጦ ማየት የቆየ ልማድ ነው። በዩኒክስ «ሄድ»፣ ማለትም «ራስ»፣ የተባለው ትእዛዝ ቁጥር ካልተሰጠው 10 መስመር ያሳያል፤ በአር ቋንቋ 6 ረድፍ፤ ዌስ ማኪኒ በ2008 በጀመረው ፓንዳስ ደግሞ 5።

ሂፓርኮስ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት የለካቻቸውን 118218 ከዋክብት የያዘው፣ በ1997 የታተመው መዝገብ ለዚህ ምስክር ይሁን። ጀማሪው በፓንዳስ «ሄድ» ቢል፣ አምዶቹ ምን እንደያዙና መለኪያቸው ምን እንደሆነ ወዲያው ይረዳል፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን መዝገቡ በሰማይ ኬንትሮስ ቅደም ተከተል የተደረደረ በመሆኑ፣ አምስቱም ከዋክብት ከ360ው ዲግሪ በመጀመሪያዋ የዲግሪ መቶኛ ውስጥ የታጨቁ፣ ያለ መሣሪያም በዓይን የማይታዩ ናቸው። በሌሊት ሰማይ ከከዋክብት ሁሉ የሚደምቀው ሲርየስ በመዝገቡ ቁጥሩ 32349 ነው! ከየስፍራው በዕጣ ረድፎችን የሚያወጣው «ሳምፕል» የተሰኘው ትእዛዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የሰዓት አምድ ሲኖር የእኛ ጀማሪ ሌላም ጥንቃቄ አለበት። የከዋክብት ምልከታ የሚመዘገበው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ 18:00 የሚለው ረድፍ በእንጦጦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።